የሁዠር ኤ7 እና አር7 የውድድር ጎማዎች፦ የትኛው ለየትኛው?

የውድድር ጎማ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የትኛው ጎማ አስፋልቱን ይበልጥ ቆንጥጦ እንደሚይዝ ነው። በእኔ እምነት ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ መኪናው ሳያርፍ ለስንት ደቂቃ እንደሚነዳ ነው፤ እነዚህ ጎማዎች የሚሠሩት በሙቀት ስለሆነ ቶሎ የሚሞቀው ቶሎ ይደክማል። በማዝዳ ሚያታዬ ላይ በየተራ ያሰርኳቸው የሁዠር ኤ7 እና አር7 ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው።

መቀመጫው በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት የሆነው የጎማ አምራች ሁዠር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በጀርመኑ የጎማ ኩባንያ ኮንቲኔንታል ሥር ነው። ሁለቱ ጎማዎች ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፤ ዙሪያቸውን ከሚያካልሉት ሁለት ቦዮች በስተቀር ልሙጥ ናቸው። የሚለያቸው የላስቲኩ ቅመም ነው።

ኤ7 ለአውቶክሮስ የተሠራ ነው። በአውቶክሮስ ውድድር ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላይ በተደረደሩ ኮኖች መካከል መኪኖች አንድ በአንድ ይነዳሉ፤ አንዱ ሩጫ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይርቅም። ጎማን ለማሞቅ ጊዜ የለም፤ አንድ ኮን መምታትም በአሜሪካው የስፖርት መኪና ክለብ ደንብ 2 ሰከንድ ያስጨምራል። ኤ7 ከመጀመሪያው ኩርባ ጀምሮ ለመሪው ይታዘዛል፤ ይህ እርግጠኝነት ዋጋውን ያስረሳኛል። አንድ መኪና ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ ሲነዱት ግን ጎማው ማረፊያ ስለሚያጣ በየመሀሉ ውኃ እየረጩ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

በትራክ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው የሰሚት ፖይንት ዋና ትራክ 2 ማይል ርዝመትና 10 ኩርባዎች ያሉት ሲሆን፣ በልምምድ ቀን አንዱ ተራ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። እንዲህ ላለው ቦታ የምመርጠው ያለ ማመንታት አር7ን ነው። የመጀመሪያው ዙር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቀዝቃዛ አር7 በሚገባ ስለማይይዝ በዚያ ዙር መቸኮል መኪናውን በቦታው ያሾረዋል። ከሞቀ በኋላ ግን ፍሬን የምይዝበትን ቦታ ሳልቀይር ዙር በዙር የምተማመንበት ጎማ ነው። ኤ7 በዚህ ቦታ ከጥቂት ዙሮች በኋላ ከመጠን በላይ ስለሚሞቅ ቅባት የረገጠ ያህል ይንሸራተታል፤ ይህ የጥራት ጉድለት ሳይሆን ያለ ቦታው የመዋሉ ውጤት ነው።

ሁለቱም ጎማዎች አናታቸው ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ እንዲታሰር ይፈልጋሉ፤ በኔ መኪና 3 ዲግሪ ገደማ ተስማምቷቸዋል። ይህን ማስተካከል በማይቻልበት መኪና ላይ የውጭው ትከሻ ቀድሞ ስለሚያልቅ ገንዘቡ ይባክናል። ንፋሱንም ከሩጫ እንደተመለሱ፣ ጎማው ሳይቀዘቅዝ መለካት ይገባል። በተጨማሪም ላስቲኩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ስለሚደርቅ፣ ገና ያላለቀ የሚመስል ጎማ ኃይሉን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው ስንት ጊዜ እንደተነዳበት ሳይጠይቅ ዋጋ ባይነጋገር ይሻላል።

ከመግዛት በፊት የሚወዳደሩበትን ምድብ ደንብ ማንበብ ግድ ነው፤ የተለመዱት የመንገድ መኪና ምድቦች የትሬድዌር ቁጥሩ (ጎማው ቶሎ አለማለቁን የሚያሳየው ቁጥር) ከ200 ያላነሰ ጎማ ስለሚጠይቁ ሁለቱንም አይቀበሉም። ለጀማሪም የምመክረው ያንኑ ባለ 200 ጎማ ነው፤ ከመንሸራተቱ በፊት እየጮኸ ያስጠነቅቃል፣ ዝናብም ቢመጣ ወደ ቤት ያደርሳል። እኔ ኤ7ም ሆነ አር7 ይዤ ስሄድ ለመንገዱ የሚሆኑ አራት ጎማዎች ከነቸርኬያቸው አብረውኝ ይሄዳሉ።