«ከጨረር ይከላከላል» የሚባለውን እንክብል ከመግዛታችሁ በፊት መለያውን አንብቡት

ራጅ ወይም ሲቲ ስካን የታዘዘለት ሰው፣ ይልቁንም የጨረር ሕክምና ወረፋ የሚጠብቅ፣ «ዲኤንኤዎን ከጨረር ይጠብቃል» የሚል ብልቃጥ ሲቀርብለት እጁን ወደ ኪሱ ቢሰድ አይፈረድበትም። ግን ገንዘባችሁን ያዙ።

ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ሴሊኒየም ወይም አዮዲን ነው። ማታለያው ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ጨረር በሴል ውስጥ ያለውን ውኃ ሲመታ የሚፈጠሩት ፍሪ ራዲካሎች (ያገኙትን የሚያጠቁ ያልተረጋጉ ቅንጣቶች) ዲኤንኤውን ለመበጠስ የሰከንድ ሚሊዮንኛ እንኳ አይፈጅባቸውም። መድኃኒቱ ቀድሞ፣ በበቂ መጠን፣ ሴሉ ውስጥ መገኘት አለበት። «ከራጅ በኋላ ለ10 ቀን ይዋጣል» የሚል መመሪያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የሚሠራ አለ፤ አሚፎስቲን ይባላል። በአሜሪካ በ1999 እ.ኤ.አ. የራስና የአንገት ካንሰር ጨረር የሚወስዱ ሰዎች አፍ እንዳይደርቅ የተፈቀደ ነው። 500 ሚሊግራም ዱቄት በ9.7 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውኃ) ይበጠበጣል፤ መጠኑ ለአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ገጽ 200 ሚሊግራም ሆኖ ይሰላል፤ ጨረሩ ሊጀመር ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ሲቀረው፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ይሰጣል። ታካሚው ተጋድሞ፣ የማስታወክ መከላከያ ወስዶ፣ የደም ግፊቱ እየተለካ ነው፤ ግፊት ድንገት ይወርዳልና። እንግዲህ በፖስታ የሚመጣውን እንክብል ከዚህ ጋር አስተያዩት።

አዮዲኑስ? ፖታሲየም አዮዳይድ የሚጠብቀው ታይሮይድን ብቻ ነው፤ ያውም ከኒውክሌር አደጋ ከሚለቀቅ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን። ለራጅና ለሲቲ አንዳች አይፈይድም። ለአዋቂ የሚሰጠው 130 ሚሊግራም ሲሆን፣ የማሟያ እንክብሉ መለያ ላይ ብዙውን ጊዜ የምታነቡት 150 ማይክሮግራም አዮዲን ነው። ሚሊና ማይክሮ አያምታታችሁ፤ ያንን መጠን ለመሙላት ከ600 በላይ እንክብል ያስፈልጋል።

የባሰው ኪሳራ የካንሰር ታካሚው ነው። አንቲኦክሲዳንት (እንደ ቫይታሚን ሲና ኢ ያለ፣ ፍሪ ራዲካሎችን የሚያከሽፍ ነገር) ጤነኛውን ሴል ከዕጢው አይለይም፤ ዕጢውንም ከጨረሩ ሊከላከልለት ይችላል። በካናዳ 540 የራስና የአንገት ካንሰር ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ በወሰዱት ላይ፣ እንክብሉን በሚወስዱበት ጊዜ ሁለተኛ ካንሰር በዝቶ ታይቷል።

ገዝታችሁ ከሆነ ብልቃጡን ከነመለያው ይዛችሁ፣ የመጀመሪያው ጨረር ሳይሰጥ ለሐኪማችሁ አሳዩት።