የሠርግ ጥሪ ካርድ፦ ዝግጁው፣ የሚታተመው ወይስ በስልክ የሚላከው?

ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያሉት ሳምንታት ጥቂት ናቸው። ሠርጉ ሁሉ እዚያ ላይ ስለሚደራረብ ማተሚያ ቤቶችም ይጨናነቃሉ፤ ለጥር የምትደግሱ ከሆነ የካርዱን ምርጫ ኅዳር ላይ ጨርሱ። በእኔ አስተያየት ከዋጋው በፊት መታየት ያለበት የተጠሪዎቹ ዝርዝር ነው። ካርድ በእጃቸው ሊሰጣቸው የሚገቡት ስንት ቤት እንደሆኑ ካወቃችሁ የቀረው ምርጫ ይቀላል። በሰው ሳይሆን በቤት ቁጠሩ፤ ለአንድ ቤት አንድ ካርድ ይበቃል።

ዝግጁ ካርድ

ሽፋኑ ተሠርቶ ያለቀ፣ ውስጡ ላይ ጽሑፉ ብቻ የሚታተምበት ነው። ጥቅሙ የምትገዙትን ዳስሳችሁ መክፈላችሁ ነው፤ ቶሎም ይደርሳል። ችግሩ ቦታ ማነሱ ነው። የኛ ጥሪ የሁለቱም ወገን ወላጆች ስም ከነማዕረጉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አዳራሹ፣ አንዳንዴም መልሱ ይገባበታል። ይህ ሁሉ ለአጭር ጽሑፍ በተዘጋጀ ቦታ ላይ ሲታጨቅ ፊደሉ ይደቅና ትልልቅ ሰዎች ማንበብ ያቅታቸዋል። ካለቀ በኋላም ያንኑ ዓይነት ማግኘት ስለሚያስቸግር ከመቶ አሥር ያህል ትርፍ ያዙ።

በልክ የሚታተም

እዚህ ሁለት መንገድ አለ። ኦፍሴት የሚባለው ህትመት ለእያንዳንዱ ቀለም ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ስለሚሠራለት መነሻ ወጪው ከባድ ነው፤ ብዛቱ ሲጨምር ግን የአንዱ ካርድ ዋጋ ይወርዳል። ዲጂታል ህትመት ፕሌት አይፈልግም። ለመቶ ወይም ለሁለት መቶ ካርድ ዲጂታል ያዋጣል፤ ከሺህ በላይ ካርድ ለሚያስፈልገው ትልቅ ድግስ ኦፍሴትን ጠይቁ። የዲጂታሉ ደካማ ጎን እጥፋቱ ላይ ይታያል። ወፍራም ወረቀት የእጥፍ መስመር ሳይወጣለት ከታጠፈ ቀለሙ ይሰነጠቅና ነጭ ክር ይታያል፤ ጠቆር ያለ ቀይ ወይም አረንጓዴ ጀርባ ላይ ደግሞ ይብሳል። ናሙናውን ታጥፎ ካላያችሁት አትቀበሉ።

ገንዘባችሁን በወረቀቱ ላይ አውሉት፤ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ያለ ምንም ጌጥ ያምራል። ወርቃማ ፎይል (ጽሑፉ ላይ የሚለጠፍ አንጸባራቂ ቅብ) ከፈለጋችሁ ለሙሽሮቹ ስም ብቻ ይሁን። ጨ፣ ጩ የመሳሰሉት ፊደሎች ቀዳዳቸው ጠባብ ስለሆነ በትንሽ ጽሑፍ ላይ ፎይሉ ይደፍናቸዋል።

ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የስም እርማት ነው። አንዳንድ ማተሚያ ቤት የድሮ የአማርኛ ፊደል ፕሮግራም ስለሚጠቀም በቴሌግራም የላካችሁት ጽሑፍ እንደገና ይተየባል። እዚያ ላይ ኃይለማርያም ሀይለማሪያም ይሆናል፣ የኮሎኔሉ ማዕረግ ይቀራል፣ ከዚህም የከፋው «ነፍስ ኄር» የሚለው በሕይወት ካለው አባት ስም ፊት ይገባል። ስለዚህ የመጨረሻውን ናሙና በወረቀት አስወጡና ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ትልቅ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። ከዚያ በፊት «ይታተም» አትበሉ።

ዋጋን በተመለከተ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ወረቀትና ቀለም የዶላሩን መንገድ ይከተላል። አምና ያገባ ጓደኛችሁ የነገራችሁን ዋጋ አትያዙ፤ ቀብድ ስትከፍሉ ዋጋውን በጽሑፍ አስፈርሙ። የፖስታው ዋጋ ተካትቶ እንደሆነም ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው። ኤ5 ወረቀት ለሁለት ታጥፎ ሲ6 በሚባለው መደበኛ ፖስታ ይገባል፤ ከመደበኛው ልክ ስትወጡ ፖስታውም በትእዛዝ ይሠራና ወጪው ይጨምራል።

በስልክ የሚላክ

ርካሽ ነው፤ ሪያድና ቤይሩት ላለችው እህትም በደቂቃ ይደርሳል፤ አዳራሽ ቢቀየር ይታረማል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ ፎቶው ተጨምቆ ደቃቁ ጽሑፍ ይደበዝዛል። የካርታ ኪውአር ኮድ ስታስገቡ በቀጥታ ካርታውን የሚከፍት ይሁን፤ አንዳንድ ነጻ የኮድ መሥሪያ አገልግሎቶች በራሳቸው ገጽ በኩል ስለሚያሳልፉት በመሃል ያቋርጡታል።

ከባዱ ነገር ቁጥር ነው። በታተመው ፖስታ ላይ «ከነባለቤታቸው» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሁለት ሰው ነው፤ «ከነቤተሰባቸው» ካላችሁ አምስትም ስድስትም ሊመጣ ይችላል፤ አዳራሹም ምግቡም የሚከፈለው በሰው ነው። ስም የሌለው የስልክ ካርድ ግን ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ስለዚህ ግሩፕ ላይ አትልቀቁት፤ ለእያንዳንዱ ስሙን ጽፋችሁ ለብቻው ላኩ። ለአጎት፣ ለክርስትና አባት፣ ለእድሩ ሰብሳቢ ደግሞ ስልክ አይበቃም። ቤታቸው ተሂዶ ካርዱ በሁለት እጅ መሰጠት አለበት፤ ይህን ለወጪ ብላችሁ አታስቀሩት። የታተመውን ለእነሱ፣ የስልኩን ለእኩዮቻችሁና ውጭ ላሉት ብታደርጉ ሁለቱም ቦታቸውን ያገኛሉ።

ማድረስ

አገር ቤት ደብዳቤ በአብዛኛው ወደ ፖስታ ሣጥን እንጂ ወደ ቤት ስለማይመጣ ካርዱን የሚያደርሰው ሰው ነው። ዝርዝሩን በሰፈር ከፍላችሁ ለሚዜዎችና ለወንድሞች አከፋፍሉ፤ ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በፊት ተሰጥቶ ይለቅ። ከውጭ ለሚመጡት ግን ቀኑን ከወራት በፊት ንገሩ፤ ትኬት የሚቆርጡት ካርድ ጠብቀው አይደለም። ለእነሱ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ፤ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 6 ሰዓት ማለት በእነሱ ጃንዋሪ 24 ቀን 2026 እኩለ ቀን ነው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሳችሁ በፖስታ ቤት የምትልኩ ከሆነ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ፖስታ፣ የሰም ማኅተምና ወፍራም ሪባን በደብዳቤ መለያ ማሽን ስለማያልፉ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። ከ1 አውንስ፣ ማለትም ከ28 ግራም ገደማ ካለፈም ሂሳቡ ይጨምራል። ካርዱን፣ ተጠሪው መምጣት አለመምጣቱን የሚመልስበትን ካርድና ፖስታውን አንድ ላይ አሰናድታችሁ አንዱን መስኮት ላይ አስመዝኑት፤ ቴምብሩን ከዚያ በኋላ ግዙ።