የአለት መውጫ ጂም በሐዋሳ፦ መጀመሪያ አሰልጣኝ ወይስ መስመር ሠሪ?

ሰው ሠራሽ ግድግዳ ላይ የሚወጣበት የአለት መውጣት ስፖርት በቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ ውስጥ ከገባ ወዲህ ብዙ ወጣት ያውቀዋል። ሐዋሳ ላይ ጂም ልክፈት የሚል ካለ፣ ከግድግዳው እኩል ስለ ሠራተኛው ቢያስብ ደስ ይለኛል። ገንዘቡ ለአንድ ቋሚ ሰው ብቻ ከበቃ፣ ማን ይቀጠር?

መስመር ሠሪው እጅና እግር የሚያርፉባቸውን መያዣዎች ግድግዳው ላይ በብሎን እያሰረ መንገዱን ይፈጥራል። ከዚያ ራሱ ወጥቶ ይሞክረዋል። መስመሩ በየጊዜው ካልተቀየረ ደንበኛ ይሰለቻል።

አሰልጣኙ ግን ነፍስ ይጠብቃል። የወጪው መታጠቂያ (ወገብና ጭን ላይ የሚታሰረው ቀበቶ) መጥበቁን ያያል። ገመዱን ከመታጠቂያው ጋር የሚያስረውን የስምንት ቁጥር ቋጠሮ በዓይኑም በእጁም ይፈትሻል። ከታች ገመድ የሚይዘው ሰው የፍሬን እጁን (ገመዱን ጨብጦ ውድቀት የሚያቆመውን እጅ) ከገመዱ እንዳይለቅ ደጋግሞ ይናገራል። የሐዋሳውን ታቦር ተራራ በእግሩ የወጣ ልጅ እንኳ ግድግዳው መሃል ሲደርስ ሊደነግጥ ይችላል። ያኔ «አይዞህ፣ ቀኝ እግርህን ትንሽ ከፍ አድርግ» የሚል ረጋ ያለ ድምፅ ያስፈልገዋል። እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት በምስክር ወረቀት ብቻ አይለይም፤ ሰውየውን ከጀማሪ ጋር ሲሠራ ማየት ነው።

እኔ አሰልጣኙን አስቀድማለሁ። መስመር ሠሪ በውል መጥቶ፣ ለጥቂት ቀን ሠርቶ መሄድ ይችላል። አሰልጣኙ ግን ጂሙ ክፍት በሆነበት ሰዓት ሁሉ መገኘት አለበት።