ድክመቱን ሸጬ የገዛሁት ጀግና

ፍሪደም ፎርስን ሰሞኑን ለሦስተኛ ጊዜ ጨረስኩት። በፈረንጆቹ 2002 የወጣ የኮምፒውተር ጌም ነው፤ ኋላ ባዮሾክ የሚባለውን ታዋቂ ጌም የሠራው ኩባንያ ኢራሽናል ጌምስ ነው የሠራው። ታሪኩን በቃሌ ስለያዝኩት ለታሪኩ ብዬ አልመለስም። የምመለሰው ጀግና ለመሥራት ነው።

ለማያውቀው ግን ትንሽ ልበል። ጊዜው 1962 ነው፣ ከተማዋ ፓትሪየት ሲቲ ትባላለች። ኢነርጂ ኤክስ የሚሉት ኃይል ከላይ ይወርድና ያገኘውን ሁሉ ይለውጣል። ፍራንክ ስታይልስ የሚባል ሽማግሌ ሳይንቲስት በጥይት ተመትቶ ሐውልት ሥር ሲያጣጥር ይህ ኃይል ይደርስለታል፣ ሚኒትማን የሚባል ጀግና ሆኖ ይነሳል። ዓመቱ እንዲሁ የተመረጠ አይመስለኝም፤ ስፓይደርማንና ኸልክ በኮሚክ መጽሔት መጀመሪያ የታዩት በዚያው በ1962 ነው። ሥዕሉም የኮሚክ ሠዓሊውን ጃክ ከርቢን ያስታውሳል፦ ጡጫው ወደ አንባቢው ፊት የሚመጣ፣ አገጩ ከድንጋይ የተጠረበ። ሁሉም ሲያወራ ይጮኻል። ይሄ የሚያሰለቸው ሰው አለ፤ እኔ ግን ያለ ጩኸቱ ኮሚክ አይሆንልኝም።

ውጊያው ደስ ይላል። ጨዋታውን አቁሞ ለእያንዳንዱ ጀግና ትእዛዝ መስጠት፣ ከዚያ መልቀቅ ነው። የመብራት ምሰሶ ነቅሎ መደብደብ፣ መኪና አንስቶ መወርወር ይቻላል።

የኔ ልብ ያለው ግን ጀግና መሥሪያው ላይ ነው። ጉልበትም፣ ፍጥነትም፣ ጨረር መርጨትም በነጥብ ይገዛል፤ ጀግናው በኃይል በሞላ ቁጥር ዋጋው ይሰቀላል። ድክመት ስትሰጡት ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። እኔም ስስታም ሆኜ የመጀመሪያ ጀግናዬን ብርድ የማይችል አደረግኩትና በተረፈኝ ነጥብ ጉልበት ገዛሁለት። ከዚያ በረዶ የሚረጨው ኑክሌር ዊንተር ፊት አቆምኩት። ግንብ የሚያፈርስ ጎረምሳ እንደ ሐውልት ደርቆ ሲቀር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ሻጩም ገዢውም እኔ ነበርኩ።

ጌሙን እስካሁን ያቆየው ሞድ ሠሪው፣ ማለትም ፋይሉን እየነካካ ጌሙን የሚቀይረው ተጫዋች ነው። የጀግናው ልብስ፣ ስኪን የምንለው፣ የሥዕል ፋይል ነው፤ ዓይነቱን በሚያውቅ የሥዕል ፕሮግራም ከፍቶ መቀባት ይቻላል። ስክሪፕቱ፣ የጌሙ ትእዛዝ ያለበት ኮድ፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው። የአካሉ ፋይል ደግሞ በዚያው በ2002 የወጣው ሞሮዊንድ የሚባል ሌላ ጌም ከሚጠቀመው ዓይነት ስለሆነ ኒፍስኮፕ የሚባለው ነፃ መሣሪያ ሁለቱንም ይከፍታል። ኤፍኤፍኤክስ የተባለው ትልቅ ሞድ ዋናው ጌም ውስጥ ያልነበሩ ብዙ ባሕርያት ይጨምራል። ብቻ ከመጫናችሁ በፊት የጌሙን ፎልደር ሙሉውን ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። እኔ ሰንፌ አንዴ ከዜሮ ጀምሬያለሁ።

ታናሽ እህቴ ደብተሯ ላይ ነጎድጓድ የሚባል ጀግና ስላ ነበር፦ ቢጫ ካባ፣ ደረቱ ላይ ትልቅ "ነ"። ሁለት ምሽት ሙሉ ቀባሁት። ሳስገባው ግን ደረቱ ላይ ያለው "ነ" ሳይሆን ፊቱን ያዞረ የማይነበብ ነገር ነው። ለካ የመረጥኩት አካል ግማሹ ብቻ ተስሎ ሌላው ግማሽ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ የሚደገም ነው። በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት የሆነ ፊደል ካልሆነ አያዋጣም። ፊደል ገበታውን ከፊቴ ዘርግቼ ስፈልግ "ተ" ተገኘ። ነጎድጓድ ስሙን ቀይሮ ተወርዋሪ ሆነ። እህቴ ስታየው ትንሽ ዝም አለችና፣

"አምቡላንስ ነው እንዴ የሚነዳው?" አለች።

እውነቷን ነው፣ ከሩቅ ሲታይ የሕክምና መስቀል ይመስላል። የፊደሉን ቀይ ቀለም ወደ ሰማያዊ ቀየርኩት።

በ2005 የወጣውን ሁለተኛውን ክፍልም ተጫውቻለሁ። ሥዕሉ ይበልጥ ጠርቷል፣ የመጀመሪያው ዓይነት የዋህነት ግን የለውም፤ ጀማሪ ከሆናችሁ ከመጀመሪያው ተነሡ። ጌም ማለት ከፍቶ መጫወት ብቻ የሆነበት ሰው ባይገዛው ይሻለዋል፤ እንደ ውጊያ ጌም ብቻ ከተመዘነ ከዚህ የሚበልጡት ብዙ ናቸው። ፋይል መጎርጎር፣ ቀለም መቀየር፣ አበላሽቶ መጠገን ለሚወድ ግን ወራት ይበላል።

አሁን ተወርዋሪ ጠላት ያስፈልገዋል ተብያለሁ። ስሙን እህቴ እየፈለገች ነው፤ በ"ሠ" ይጀምራል፣ ያን ወስናለች።