አዲስ የአየር ጠመንጃ ገዝታችሁ «ካልተፈታ አይሠራም» ቢሏችሁ እንዳትከፍሉ

ይሄን የምጽፈው ድሬዳዋ ላይ የአየር ጠመንጃ ለምትገዙ ነው። በተለይ ለበዓል ሰሞን የዒላማ ጨዋታ ልታስጫውቱ ገንዘብ አጠራቅማችሁ ወይም ተበድራችሁ ለምትገዙ ልጆች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠመንጃው አዲስ ነው፣ ከነካርቶኑ ይሸጥላችኋል። ሂሳብ ከከፈላችሁ በኋላ ሻጩ «ባለሙያ» ወዳለው ሰው ይመራችኋል። ሰውየው ጠመንጃውን አገላብጦ ያይና «አቦ ይሄ ከፋብሪካ ሲመጣ ደረቅ ነው፤ ተፈትቶ ሰርቪስ ካልተደረገ ሞላው በሳምንት ይሰበራል» ይላል። የገዛ ሰው ይደነግጣል። ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ በሳምንት እንዲሰበርበት የሚፈልግ የለም። የዘመዴ ልጅ ለዚህ ሰርቪስ የተጠየቀው ጠመንጃውን ከገዛበት ሲሶውን ያህል ነው። ከፈለ።

በማግስቱ ሲረከብ እዚያው አስተኮሱት። ጠመንጃው እንደ ርችት ጮኸ፣ ከአፈሙዙም ጭስ ወጣ። «አየኸው ጉልበቱን?» አሉት። ልጁ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ጥይቷ ካርቶን መብሳት አቃታት። ይዞልኝ መጣና የማውቀው ቶርኖ ቤት ወስደን በጥንቃቄ አስፈታነው። የፒስተኑ ጎሚኒ ዙሪያውን ተቃጥሏል። ውስጡ በመኪና ዘይት ጨቅይቷል። ሞላው ደግሞ ጎብጧል፣ ጫፉ ላይም ዝገት አለው። አዲስ ጠመንጃ ውስጥ የዛገ ሞላ ከየት እንደመጣ እናንተው ገምቱ። ወደ ሱቁ ስንመልሰው ያገኘነው መልስ «ይሄማ ተፈትቷል፣ እኛን አይመለከትም» የሚል ነው። ያስፈቱት እነሱ ናቸው!

ይሄ ማታለያ የሚሠራው አብዛኛው ገዢ የሞላ ጠመንጃ፣ ማለትም አየሩን በሞላ ጉልበት የሚያምቅ የአየር ጠመንጃ፣ ውስጡ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ ትንሽ ላስረዳ።

በርሜሉን ወደ ታች አጥፋችሁ ስታቀባብሉ ሞላው ይጨመቃል፣ ፒስተኑም ወደ ኋላ ሄዶ ይያዛል። ቃታውን ስትስቡ ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ያስፈነጥረዋል። ፒስተኑ ከፊቱ ያለውን አየር በቅጽበት ያምቀዋል። የታመቀው አየር በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ጥይቷን ይገፋታል። ባሩድ የለውም። አየሩ ከፒስተኑ ጎን እንዳያመልጥ የሚይዘው ጎሚኒው ነው። እሱ ከተበላሸ ጠመንጃው ጉልበት የለውም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጭሱ እንምጣ፤ ዋናው ተንኮል ያለው እዚህ ላይ ነው። አየር በዚያ ፍጥነት ሲታመቅ በጣም ይግላል። የናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ የሚሠራው በዚሁ ሙቀት ነው። ጠመንጃው ውስጥ ከፒስተኑ ፊት ዘይት ካለ ያ ዘይት ይቃጠላል። ይጮሃል፣ ይጨሳል፣ ጥይቷም ለጊዜው ከልክ በላይ ትፈጥናለች። ገዢው ይሄን ሲያይ ጠመንጃው የበረታ ይመስለዋል። የሚሰማው ግን ጎሚኒው እየነደደና ሞላው እየተመታ ነው። በደንብ የተሠራ የሞላ ጠመንጃ ድምፁ ደፈን ያለ ነው፣ ጭሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይጠፋል። ስለዚህ «ሰርቪስ» ተደርጎ ሲመለስ ድምፁ የጨመረ ጠመንጃ ካያችሁ አትደሰቱ። ዘይት ተጨምሮበታል።

አዲስ ጠመንጃ መጀመሪያ ላይ በራሱም ትንሽ ሊጨስ ይችላል፣ ይሄ አያስደንግጣችሁ። ፋብሪካው እንዳይዝግ ብሎ የቀባው ዘይትና ግራሶ ነው። እየተተኮሰ ሲሄድ ይጠፋል። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች አንዴ ላይ አንዴ ታች ቢመቱም ችግር የለውም። ጎሚኒው ቦታውን እስኪይዝና ሞላው እስኪለምድ ጥቂት መቶ ጥይት ይፈልጋል። አንድ ሁለት ቆርቆሮ ጥይት በትዕግሥት ተኩሱበት። አብዛኛው አዲስ ጠመንጃ የሚያስፈልገው «ሰርቪስ» ይሄው ነው፣ ለማንም አይከፈልበትም።

ከዚያ ውጭ ቤታችሁ የምትሠሩት አለ። ጠመንጃው እንዳልተቀባበለና ጥይት እንደሌለበት አረጋግጡ። ከዚያ የበርሜሉን ውስጥ በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፤ የፋብሪካ ቅባት እዚያም አለ። ሰደፉን የሚይዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ እዩ። የሞላ ጠመንጃ ሲተኮስ መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ፊት ይመታል። በዚህ ምክንያት ብሎኖቹ ይላላሉ። «ጠመንጃው አይመታም» ከሚባለው ስንቱ የላላ ብሎን ሆኖ አይቻለሁ። ማነጣጠሪያ መነጽር ሊሸጡላችሁ ከሞከሩም ይሄን የሁለት አቅጣጫ ምት አስታውሱ። ለአየር ጠመንጃ ተብሎ ያልተሠራ መነጽር በዚህ ምት ውስጡ ይፈርሳል። ለዒላማ ጨዋታ ደግሞ ጠመንጃው ላይ ያለው ማነጣጠሪያ ይበቃል።

ያለ ጥይት አትተኩሱ። ሱቅ ውስጥ እያቀባበሉ ባዶውን የሚተኩሱ አሉ፣ ከልክሏቸው። ጥይት ከሌለ አየሩን የሚይዘው ነገር ስለማይኖር ፒስተኑ በሙሉ ኃይሉ ከብረት ጋር ይላተማል። አቀባብላችሁም አትተዉት፣ ሞላው ይደክማል። ከአደጋውም አንጻር የተቀባበለ ጠመንጃ ልጆች ባሉበት ቤት መቀመጥ የለበትም።

የመኪና ዘይት፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፣ ብሎን ማላቀቂያ ስፕሬይ፣ አንዱንም ወደ ውስጥ እንዳታስገቡ። ድሬ ሙቀቷን ታውቁታላችሁ። ጠመንጃውን ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ከተዋችሁት ውስጡ ያለው ግራሶ ራሱ ቀጥኖ ወደ ፊት ይፈስሳል፣ እንደገና መጨስ ይጀምራል። ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

ሐረር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ድሬዳዋ ከፍታዋ ወደ 1,200 ሜትር ነው፣ ሐረር ግን ወደ 1,900 ትጠጋለች። የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ አየሩ ይሳሳል። የሞላ ጠመንጃ የሚያምቀው በዙሪያው ያለውን አየር ስለሆነ እዚያ ጉልበቱ በጥቂቱ ሊለወጥ ይችላል። ይሄን አይቶ «ጎሚኒው አልቋል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ለመፈታቱ አትቸኩሉ።

ካርቶኑ ላይ በሴኮንድ 300 ምናምን ሜትር የሚል ጽሑፍም አያጓጓችሁ። ብዙ ጊዜ ያ ቁጥር በጣም ቀላል በሆነ ጥይት የተለካ ነው። ጀርመን ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚሸጥ የአየር ጠመንጃ ጉልበቱ ከ7.5 ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) አይበልጥም። ግማሽ ግራም በምትመዝን ጥይት ሲሰላ በሴኮንድ 170 ሜትር ገደማ ይሆናል። የኦሎምፒክ የአየር ጠመንጃ ውድድርም ርቀቱ 10 ሜትር፣ ጥይቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጥይቱ ፍጥነትም ከዚሁ ብዙ አይርቅም። የዓለም ምርጥ ተኳሾች በዚህ ፍጥነት ከበቃቸው ለበዓል ዒላማ ከዚያ በላይ ምን ያደርጋል? ጥይቷ ወደ ድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም ወደ 340 ሜትር በሴኮንድ ስትጠጋ እንዲያውም ትወላገዳለች። «ፍጥነቱን እንጨምርልህ» የሚል ሰው ዒላማችሁን እያበላሸ ነው ገንዘብ የሚቀበላችሁ።

የሞላ ጠመንጃ ተፈትቶ መስተካከል የሚባል ነገር ጭራሽ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። እውነተኛ ሥራ ነው። በርካሽ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ውስጣቸው ያልተሞረደ የብረት ስለት ይኖራቸዋል፣ ያ ስለት ጎሚኒውን ይቆርጣል። ጎበዝ ባለሙያ ስለቱን ሞርዶ፣ የሞላውን መምሪያ (ሞላው እንዳይወላገድ የሚይዘውን ዘንግ) በልኩ ቶርኖ ላይ አስወጥቶ፣ ተገቢውን ግራሶ በስሱ ቀብቶ ይገጥመዋል። ጠመንጃው መንቀጥቀጡ ይቀንሳል፣ ሲተኮስ የሚያሰማው የሽቦ ጩኸትም ይጠፋል። ነገር ግን ይሄ የሚሠራው ጠመንጃው በደንብ ከተተኮሰ በኋላ፣ ችግሩም ከታወቀ በኋላ ነው። ካርቶኑ ሳይቀደድ የሚታዘዝ መድኃኒት አይደለም። በተጨማሪም ሞላው ጠመንጃው ውስጥ የተቀመጠው ታምቆ ነው። ያለ ማመቂያ መሣሪያ የሚፈታ ሰው ሞላው ፊቱ ላይ ሊፈነጠርበት ይችላል። በካቻቢቴ ብቻ መንገድ ዳር ሊፈታላችሁ የተነሳ ሰው ካያችሁ ጠመንጃችሁን ተቀበሉት።

አዲሱ ጠመንጃ እውነተኛ ጉድለት ካለበትስ? በርሜሉ ጠማማ ከሆነ፣ አቀባብላችሁት ካልያዘ፣ ስትተኩሱ ከበርሜሉ መታጠፊያ አየር ካመለጠ፣ ገና ከጅምሩ ጥይቷ ከአፈሙዙ ካልወጣች አታስፈቱት። መልሱት። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ዕቃውን አንዴ ካስፈታችሁት ግን ጉድለቱ ከፋብሪካ ነው ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። ሻጩ ወዲያው እንድታስፈቱ የሚገፋፋችሁ ለዚህም ይመስለኛል።

ስለዚህ ገንዘብ ሳትቆጥሩ ደረሰኝ ይሰጡ እንደሆነ ጠይቁ። «ያለ ደረሰኝ ይቀንስልሃል» የሚለው ቅናሽ ኋላ ላይ ያስከፍላችኋል። የጠመንጃውን ቁጥር ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ብሎኖቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የብሎን አናት ተፋፍቆ ካያችሁ ጠመንጃው ከእናንተ በፊት ተፈትቷል፣ አዲስ ነው ቢሏችሁም አትግዙት። የፈቃድ ጉዳይንም ከሻጭ አፍ አትስሙ። ከመግዛታችሁ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ። ጠመንጃው ቢወረስባችሁ ሻጩ አብሯችሁ አይቆምም።

የዘመዴ ልጅ ደረሰኝ አልያዘም፣ የተቃጠለውን ጎሚኒና የዛገውን ሞላ ግን በፌስታል አስቀምጠናል። እንደሱ የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ደረሰኝ የያዛችሁ፣ ዕቃውን ሳታስነኩ ጻፉልኝ። አብረን ንግድ ቢሮ ሄደን ማመልከት እንችላለን።