ከጉልበት ቅየራ በኋላ፦ ዎከር ወይስ ከዘራ?

ጉልበታቸው በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ለተቀየረላቸው አዛውንት፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እኔ ያለ ማመንታት ዎከር (በሁለት እጅ የሚያዝ ባለ አራት እግር መደገፊያ) እላለሁ። የጭን ጡንቻ ገና ደካማ ነው፣ ማስታገሻውም ሊያዞር ይችላል፣ ዎከር ደግሞ ክብደትን በሁለቱም እጅ ስለሚያካፍል ጉልበት ድንገት ቢከዳ እንኳ የሚይዙት ነገር አለ። በተለይ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ። ችግሩ ግዝፈቱ ነው፤ በጠባብ በር አያልፍም፣ ምንጣፍ ይይዘዋል፣ ደረጃ ላይማ ጭራሽ አይታሰብም።

ከዘራ ቀላል ነው፣ የትም ይገባል። ገና ለሚንገዳገድ ሰው ግን አይበቃም። ብዙ ሰው ደግሞ በተሳሳተ እጅ ይይዘዋል። ቀኝ ጉልበት ከተቀየረ ከዘራው በግራ እጅ ሆኖ ከቀኝ እግር ጋር እኩል ይራመዳል። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ ከዘራውና የተቀየረው። (እጀታው፣ ቀጥ ብለው ቆመው እጅ ሲለቀቅ የእጅ አንጓ ጋ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ የሌላ ሰው ከዘራ መዋስ ብዙም አያዋጣም።) ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ካለቀ ይቀየር።

“አረጀ እንዳይሉኝ” ብሎ ቶሎ ወደ ከዘራ መዝለል ግን አይሆንም፤ ዎከሩ መቼ በከዘራ እንደሚቀየር ፊዚዮቴራፒስቱ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያው) አረማመዱን አይቶ ይወስን።