ሪቪስ ወይስ ሲያትል? የኋላ መስመር ተከላካይ ለሚገዛ

በየዓመቱ መጋቢት ላይ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) የተጫዋቾች ገበያ ሲከፈት ጥሩ ኮርነርባክ (ዳር ላይ ቆሞ ኳስ ተቀባይን የሚይዝ ተከላካይ) ብዙ ሳይቆይ ይሸጣል፤ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። ገንዘቡን የያዘው ሥራ አስኪያጅ (ሶፋ ላይ ተቀምጠን የሰው ቡድን የምንመራውንም ጨምሮ) ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንዱ የተጋጣሚን ምርጥ ተቀባይ ብቻውን የሚያፍን ኮከብ መግዛት ነው። ሌላው ለአንድ የታወቀ አጨዋወት የሚሆኑ ወጣቶችን ከድራፍት (ቡድኖች በየተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን ከሚመርጡበት ዓመታዊ ምርጫ) ለቅሞ ማሳደግ ነው። ለመጀመሪያው ዳሬል ሪቪስን፣ ለሁለተኛው እ.ኤ.አ. የ2013ቱን ሲያትል ሲሃውክስ እንውሰድ። ሁለቱም ዋንጫ በልተዋል። እኔ ለሲያትል አደላለሁ፤ በርካሽነቱ ግን አይደለም።

ገንዘቡ ምን ያመጣል?

ሪቪስን ኒው ዮርክ ጄትስ በ2007 ድራፍት በ14ኛ ምርጫ ወሰደው። በ2009 የየሳምንቱን ዋና ተቀባይ እየተከተለ ከጨዋታ ውጪ ሲያደርግ፣ እሱ የቆመበት የሜዳ ክፍል «የሪቪስ ደሴት» ተባለ። እንዲህ ያለ ሰው ያለው አሰልጣኝ ሴፍቲውን (ከሁሉም ኋላ የሚቆመውን ተከላካይ) ወደ ሌላኛው ጎን ማዞር ወይም ተጨማሪ ሰው ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪው) ላይ መልቀቅ ይችላል። ለኮከቡ የሚከፈለው ገንዘብ በእርግጥ የሚገዛው ይህን ነጻ የወጣ ሰው ነው።

ሲያትል በአብዛኛው የሚጫወተው ሜዳውን ከኋላ ለሦስት በመክፈል ነበር፤ ሁለቱ ኮርነሮች ዳር ዳሩን፣ ሴፍቲው ኧርል ቶማስ መሐሉን ይይዛሉ። ሪቻርድ ሸርማን ተቀባይ ተከትሎ ሜዳውን አያቋርጥም፤ ብዙውን ጊዜ የግራው ጎን የእሱ ነው። በኮሌጅ መጀመሪያ ተቀባይ የነበረ ረጅም ልጅ ነው፤ በ2011 በአምስተኛው ዙር ተገኘ። ካም ቻንስለርም በ2010 ከአምስተኛው ዙር፣ ባይሮን ማክስዌል በ2011 ከስድስተኛው መጡ። ብራንደን ብራውነር ከካናዳ ሊግ ነው የመጣው። ይህ ሁሉ ሲቆጠር ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን መሐሉን ብቻውን የሚሸፍነው ቶማስ የ2010 14ኛ ምርጫ ነበር፤ ልክ እንደ ሪቪስ ማለት ነው። የእሱ ፍጥነት ባይኖር ኮርነሮቹ ዳር ላይ ያን ያህል ደፍረው ተቀባይን ባልገፉ ነበር።

ርካሽነቱም ቢሆን ብዙ አልቆየም። በ2014 ሸርማን 56 ሚሊዮን፣ ቶማስ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የአራት ዓመት ውል ፈረሙ።

ገዢ የሚከስረው የት ነው?

ፊላደልፊያ ኢግልስን እንይ። በ2011 ናምዲ አሶሙጋን በ60 ሚሊዮን ዶላር የአምስት ዓመት ውል አመጣው። አሶሙጋ በኦክላንድ ሬይደርስ ዘመኑ ሰው ለሰው በመያዝ ኳርተርባኮች ወደ እሱ ጎን እንዳይወረውሩ ያደረገ ተጫዋች ነበር። ፊላደልፊያ ዞን (ሰው ሳይሆን የሜዳ ክፍል) ያስይዘው ጀመር፤ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት እንደማልበስ። ቡድኑ በመጀመሪያው ዓመት 8 አሸንፎ 8 ተሸነፈ፣ በሁለተኛው 4 አሸንፎ 12 ተሸነፈ፤ አሶሙጋም ተሰናበተ።

በ2015 ደግሞ ያው ፊላደልፊያ ከሲያትል ማክስዌልን በ63 ሚሊዮን ዶላር የስድስት ዓመት ውል ገዛ። በመክፈቻው ጨዋታ የአትላንታው ተቀባይ ጁሊዮ ጆንስ 9 ኳስ ተቀብሎ 141 ያርድ ሄደ፣ ሁለት ጊዜም አስቆጠረ። ማክስዌል በዓመቱ ወደ ማያሚ ተላለፈ። በእኔ እምነት ፊላደልፊያ የከፈለው ከኋላው ቶማስ፣ በሌላው ጎን ሸርማን ላለው ማክስዌል ነው፤ ያገኘው ግን ብቻውን የቆመውን ነው።

ታምፓ ቤይም በ2013 የዚያን ዓመት 13ኛ ምርጫና ሌላ ምርጫ ጨምሮ ሰጥቶ ሪቪስን ወሰደ፤ ውሉ ለስድስት ዓመት 96 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የዚያ ዓመት የደመወዝ ጣሪያ (አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በሙሉ እንዲከፍል የሚፈቀድለት ከፍተኛ ገንዘብ) 123 ሚሊዮን ስለነበር ከስምንት ዶላር አንዱ ለአንድ ሰው ይሄዳል ማለት ነው። ቡድኑ 12 ጨዋታ ተሸነፈ፤ በዓመቱ የመጣው አዲስ አሰልጣኝ ሎቪ ስሚዝ ደግሞ ዞን ወዳድ ነው። ሪቪስ ተለቀቀ።

ከፊት ያሉትም አይረሱ

ሲያትል በመጋቢት 2013 ኳርተርባክ የሚያሳድዱትን ክሊፍ አቭሪልንና ማይክል ቤኔትን ገዛ። በዚያ የውድድር ዘመን ሱፐር ቦውል (የዋንጫ ፍጻሜ) አቭሪል የዴንቨሩን ኳርተርባክ የፔይተን ማኒንግን ክንድ መታ፣ ኳሱ አየር ላይ ተንሳፈፈ፣ ማልኮም ስሚዝ ቀልቦ 69 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። 43 ለ 8 ያለቀውን ጨዋታ ብዙዎች ለኋላው መስመር ብቻ ይሰጡታል። ኳርተርባኩ አራት ሰከንድ ካገኘ ግን ሪቪስም ቢሆን ተቀባዩ ያመልጠዋል።

የቱ ለማን?

ጎበዝ ሴፍቲ ከመሐል ያለው፣ አሰልጣኙም ለዓመታት የሚቆይ ቡድን የሲያትልን መንገድ ይያዝ። እያንዳንዱ ተከላካይ ቦታውና ሥራው ስለታወቀ አንዱ ሲሄድ ተተኪውን ማሠልጠን ይቀላል፤ እኔም የማደላው ለዚህ ነው። የቀረው ሁሉ ተሟልቶለት አንድ ሰው ብቻ የጎደለው፣ ሰው ለሰው የሚጫወት ቡድን ግን ኮከቡን ይግዛ። ኒው ኢንግላንድ በ2014 እንዲህ አደረገ፤ ሪቪስን ለአንድ የውድድር ዘመን በ12 ሚሊዮን ዶላር አምጥቶ ዋንጫ በላ።

በሁለቱም መንገድ ከበጀቱ ለተቀያሪዎች ማስቀረት ያስፈልጋል። ኒው ኢንግላንድ ሲያትልን አሸንፎ ዋንጫውን በበላበት ሱፐር ቦውል የሲያትሉ ጄረሚ ሌን የኒው ኢንግላንዱን ኳርተርባክ የቶም ብሬዲን ኳስ ነጥቆ ሲወድቅ ክንዱ ተሰበረ፤ ብሬዲም በምትኩ በገባው ልጅ ላይ ደጋግሞ ወረወረ። ሲያትል በመጨረሻው ደቂቃ ከአንድ ያርድ ላይ ሲወረውር ደግሞ፣ ለኒው ኢንግላንድ ፊት ለፊት ያለውን ተቀባይ ገፍቶ ያቆመው የቀድሞው የሲያትል ሰው ብራውነር ነበር። ኳሱን የነጠቀውን ተቀያሪ ማልኮም በትለርን ድራፍት ላይ የመረጠው ቡድን አልነበረም።